የእናት ደም ሲለካ፦ የናይሮቢ ማዋለጃ ክፍሎች መቶ ዓመት

አንዲት እናት እንደተገላገለች በአልጋዋ ዙሪያ ያለ ባለሙያ ሁሉ ሊመልሰው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ ስንት ደም ፈሰሳት? ጥያቄው አጭር ነው፤ መልሱም አንድ ቁጥር ሊሆን ይገባ ነበር። በናይሮቢ የማዋለጃ ክፍሎች ግን፣ እንደ አብዛኛው ዓለም ሁሉ፣ ለረጅም ዘመን የተሰጠው መልስ ግምት ነበር፤ ትንሽ፣ ደህና፣ ብዙ። በካርዱ ላይ ቁጥር ሲሰፍር እንኳ ከዓይን የተቀዳ ቁጥር ነበር። የዚች ከተማ የእናቶች ሕክምና ታሪክ ሲመረመር አንድ ቅደም ተከተል ጎልቶ ይታያል። ግድግዳው ቀድሞ ተሠራ፤ ሐኪሙና መድኃኒቱ ተከተሉ፤ የደም ባንኩ ተጨመረ፤ የክፍያው በር ተከፈተ፤ መለኪያው ግን ከሁሉም በኋላ መጣ። ይህ ቅደም ተከተል ሕይወት አስከፍሏል ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም የነፍሰ ጡር ገላ የደሙን መጉደል እስከ መጨረሻው የሚደብቅ ገላ ነው፤ የሚደብቅን ነገር ደግሞ በዓይን መጠበቅ አይቻልም።

ገላው ለምን እንደሚደብቅ ለመረዳት ከደም መላሽ ሥሮች መጀመር ይገባል። ስለ ደም ዝውውር ስናስብ ቶሎ የሚመጣብን ልብና ከልብ የሚወጡት ደም ቅዳዎች ናቸው። ነገር ግን በማንኛውም ቅጽበት ከሰውነታችን ደም ከግማሽ በላዩ፣ እስከ ሁለት ሦስተኛው የሚደርሰው፣ ያለው በደም መላሾች ውስጥ ነው። ደም ቅዳ የሚፈስ ወንዝ ቢሆን ደም መላሽ ጎተራ ነው፤ ግድግዳው ስስ፣ የሚለጠጥና የሚጨበጥ፣ የተረፈውን የሚያስቀምጥ፣ ሲጎድል የሚሰጥ። እርግዝና ይህን ጎተራ ያሰፋዋል። ከእርግዝናው የመጀመሪያ ሳምንታት ጀምሮ የደሙ መጠን ማደግ ይጀምራል፤ በስምንተኛው ወር ገደማ ከቀድሞው በ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል። አራት ሊትር ገደማ ደም የነበራት ሴት ወደ ስድስት ሊትር ትጠጋለች። ውኃማው ክፍል፣ ፕላዝማው፣ ከቀይ የደም ሴሎች ይልቅ ፈጥኖ ስለሚበዛ ደሟ ይቀጥናል፤ ለዚህ ነው ጤነኛ ነፍሰ ጡር እንኳ ስትመረመር የደም ማነስ ያለባት የምትመስለው። ይህ ሁሉ ዝግጅት ነው። በመውለጃዋ ሰሞን በማህፀኗ በኩል በየደቂቃው ከግማሽ ሊትር በላይ ደም ያልፋል። የእንግዴ ልጁ ሲላቀቅ ያንን መንገድ በዋናነት የሚዘጋው የማህፀን ጡንቻ መኮማተር ነው። ጡንቻው ከላላ፣ የሰውነት ደም በሙሉ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሊያልቅ የሚችልበት በር ተከፈተ ማለት ነው።

አደጋው የሚከፋው ግን በሩ ሲከፈት ገላው ስለማይጮህ ነው። ደም መፍሰስ ሲጀምር በተለይ የሆድ ዕቃ ደም መላሾች ይጨበጣሉ፤ ያስቀመጡትን ወደ ልብ ይልካሉ። ልብ የሚደርሰው ደም ስላልቀነሰ የደም ግፊቱ አይወርድም። የልብ ምቷ ትንሽ ይፈጥናል፤ እናቲቱ ግን ታወራለች፣ ሕፃኗን ታቅፋለች፣ ሻይ ትጠይቃለች። ጤነኛ የሆነች ወላድ አንድ ሊትርና ከዚያም በላይ ፈሷት የደም ግፊቷ ገና የደህና ሰው ሊመስል ይችላል። ጎተራው ተጠራርጎ ሲያልቅ ግን ግፊቱ ቀስ እያለ አይወርድም፤ ይወድቃል። በዚያን ጊዜ የሚጀመር ሕክምና ከሞት ጋር የሚደረግ እሽቅድምድም ነው። የእርግዝና ደም ግፊት፣ ፕሪኤክላምፕሲያ፣ የያዛት ሴት ደግሞ ሌላ ዕዳ አለባት፤ ደሟ እንደሌሎቹ አልሰፋም፤ ጎተራው መጀመሪያውኑ አልሞላም። ለጎረቤቷ ምንም ያልሆነ የደም መፍሰስ እሷን ሊጥላት ይችላል። ስለዚህ ሁለት ሴቶች በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሌሊት፣ እኩል ደም ፈሷቸው አንዷ በእግሯ ወጥታ ሌላዋ ልትሞት ትችላለች፤ ከፊታቸው ገጽታ ይህን ማንበብ የሚችል ዓይን የለም።

የሳይንሱ ዓለም ይህን ምሥጢር ለመፍታት ረጅም መንገድ ሄዷል። በ1915 (ቀናቱና ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው) ኪት፣ ራውንትሪና ጄራቲ የተባሉ በአሜሪካ የሚሠሩ ሐኪሞች ቀለም በደም ሥር ሰጥተው፣ ቀለሙ ምን ያህል እንደቀጠነ በመለካት የሰውን ፕላዝማ መጠን የሚያሰሉበትን ዘዴ አሳተሙ። የቀለም ዘዴው በየጊዜው እየተሻሻለ በነፍሰ ጡሮች ላይም ሥራ ላይ ዋለ። በ1964 ፍራንክ ሃይተንና ኢዛቤላ ሊች የሰውን እርግዝና አሠራር የሚያብራራ መጽሐፍ ሲያወጡ የደሙ መስፋት በቁጥር የታወቀ ነገር ሆኖ ነበር። በእነዚያው ዓመታት ነፍሰ ጡር በጀርባዋ ስትተኛ ማህፀኗ ትልቁን ደም መላሽ እንደሚጫንና ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም እንደሚያግድ ተረጋገጠ፤ በጎን መተኛት የሚመከረው ከዚህ የተነሣ ነው። በቅርቡም በቤልጂየም ሄንክ ከተማ ዊልፍሪድ ሂሴላርስና ባልደረቦቹ የጉበትና የኩላሊት ደም መላሾችን በዶፕለር አልትራሳውንድ እየመረመሩ፣ ፕሪኤክላምፕሲያ የደም ቅዳ ብቻ ሳይሆን የደም መላሽም ሕመም መሆኑን ሲከራከሩ ቆይተዋል። እውቀቱ ነበረ፤ እያደገም ሄደ። የተወለደውና ያደገው ግን በብዛት ማሽንና ላቦራቶሪ ባላቸው ከተሞች ነው። ከእውቀቱ ውስጥ አንዱ ፍሬ ነገር፣ ማለትም የእናት ገላ ስለሚደብቅ የሚፈሰውን ደም ራሱን ለካ የሚለው ምክር፣ ወደ ማዋለጃው አልጋ ለመድረስ ብዙ ዐሥርት ዓመታት ፈጀበት።

ናይሮቢ ይህን መዘግየት ለማየት ጥሩ መስታወት ናት። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1899 ከሞምባሳ የሚመጣው የባቡር ሐዲድ ማረፊያ ሆና ነው። በ1901 ለአገሬው ሰው 40 አልጋ ያለው ሆስፒታል ተከፈተ፤ የዛሬው የኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል ሥሩ ይህ ነው። የቅኝ ገዥው አስተዳደር ከተማዋን በዘር ከፋፍሎ ሲያሰፍር አፍሪካውያን ከመሐል ከተማ በስተምሥራቅ ፑምዋኒ በተባለ መንደር እንዲኖሩ ተደረጉ። እናቶች የሚወልዱት በቤታቸው ነበር፤ በስዋሂሊ ምኩንጋ የምትባለው የልምድ አዋላጅ እጅ ላይ። በ1926 የአገረ ገዥው የሰር ኤድዋርድ ግሪግ ባለቤት ሌዲ ግሪግ ባስጀመሩት የበጎ አድራጎት እንቅስቃሴ በፑምዋኒ የማዋለጃ ሆስፒታል ተከፈተ፤ በስማቸውም ተጠራ። ያ ቤት አድጎ የዛሬው የፑምዋኒ ማዋለጃ ሆስፒታል ሆነ፤ ከምሥራቅ አፍሪካ ታላላቅ ማዋለጃዎች አንዱ ነው። አዋላጆችም ሠልጥነውበታል፤ ከአጠገቡ ባለው ኢስሊ ሰፈር የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያንና ሶማሌዎች ልጆቻቸውን የሚወልዱበት አካባቢም ይኸው ነው። መነሻው በቅኝ አገዛዝ ሐሳብ የተቃኘ ቢሆንም ቤቱ ለብዙ ትውልድ የከተማዋ እናቶች መጠጊያ ሆኗል። ያ ዘመን ያስቀደመው ጥያቄ ግን እናት የት ትወልድ የሚል እንጂ ስንት ደም ፈሰሳት የሚል አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ በዚሁ መንገድ ተጓዘ። የ1901ዱ ሆስፒታል በ1952 በንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ ስም ተሰየመ፤ ኬንያ በ1963 ነፃ ከወጣች በኋላ ደግሞ የኬንያታን ስም ያዘ። በ1967 በናይሮቢ የሕክምና ትምህርት ቤት ተከፈተና አገሪቱ የራሷን ሐኪሞች ማሠልጠን ጀመረች። ማህፀንን የሚያኮማትሩት መድኃኒቶች የማዋለጃ ክፍሉ የዘወትር ዕቃ ሆኑ። ደምን በተመለከተ ትልቁ ንቃት የመጣው ከሌላ አሳዛኝ ቀን ነው። ነሐሴ 7 ቀን 1998 በናይሮቢ የአሜሪካ ኤምባሲ ላይ በተፈጸመው የቦምብ ጥቃት ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቆሰሉ። በዚያ ቀን አገሪቱ የተደራጀ ብሔራዊ የደም አገልግሎት እንደሌላት ግልጽ ሆነ፤ ሆስፒታሎች በአብዛኛው የሚያገኙት ደም ከበሽተኛው ቤተሰብ የሚመጣ ነበርና። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብሔራዊ የደም አገልግሎት ተቋቋመ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። ይሁንና ደም የሚሰጠው መጉደሉ ለታወቀላት እናት ነው፤ መጉደሉ ካልታወቀ ደሙ በማቀዝቀዣ ውስጥ እያለ እናቲቱ በአልጋዋ ላይ ታልቃለች።

ቀጥሎ የተከፈተው የገንዘብ በር ነው። ከሰኔ 1 ቀን 2013 ጀምሮ በኬንያ የመንግሥት ጤና ተቋማት ወሊድ ያለ ክፍያ ሆነ። ውጤቱ በቁጥር ይታያል። በ2008 እና 2009 በተደረገው ብሔራዊ የሕዝብና የጤና ጥናት በሠለጠነ ባለሙያ የታገዙ ወሊዶች 44 በመቶ ነበሩ፤ በ2014 ወደ 62፣ በ2022 ወደ 89 በመቶ ደረሱ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ እንኳ ሳይሆን በዐሥራ ሦስትና ዐሥራ አራት ዓመት ውስጥ የተገኘ ለውጥ ነው። የእናቶች ሞት ግን በዚያው ልክ አልወረደም። የ2014ቱ ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ልጆች 362 እናቶች እንደሚሞቱ ገመተ፤ የ2019 የሕዝብ ቆጠራ ደግሞ 355 አለ። እርግጥ ነው፣ ሁለቱ ቁጥሮች በተለያየ ዘዴ የተሰበሰቡና የተለያዩ ዓመታትን የሚያንጸባርቁ ናቸው፤ ሰባት ነጥብ ብቻ ቀነሰ ብሎ መደምደም አይቻልም። ግን በጥንቃቄም ቢነበቡ እናቶች ወደ ተቋሙ የገቡትን ያህል ከሞት አልራቁም። በ2014 በሆስፒታሎች የደረሱ የእናቶችን ሞት አንድ በአንድ የመረመረው የመጀመሪያው የኬንያ ምስጢራዊ ምርመራ 484 ሞቶችን አይቶ፣ ከዐሥሩ አራቱ ገደማ ከደም መፍሰስ የመጡ መሆናቸውን አገኘ፤ በአብዛኞቹም ሕክምናው ከሚገባው በታች ነበር። እነዚህ እናቶች ከሞት ጋር የተገናኙት በመንገድ ላይ አይደለም፤ ግድግዳው ውስጥ ገብተው ነው።

ግድግዳው ውስጥ ምን ይሆን ነበር? ሕፃኑ ይወለዳል፤ ባለሙያዋ እትብቱን ትቆርጣለች፤ የእንግዴ ልጁ ይወጣል። ደሙ በላስቲክ አንሶላው ላይ ይዘረጋል፤ በጋውዝና በጥጥ ይመጠጣል፤ ከእንሽርት ውኃና ከሽንት ጋር ይቀላቀላል፤ የቀረው ከአልጋው ሥር ወዳለው ባልዲ ይወርዳል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ባለሙያዋ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነ መናገር አለባት፤ ያውም በአጠገቧ ሌላ እናት እያማጠች። ይህን ማንም በትክክል ማድረግ አይችልም። በሕንድ ቤልጋኦም አካባቢ ተሠርቶ በ2006 የታተመ ጥናት በዓይን የተገመተውን ደም መስመር በተሠመረበት ላስቲክ ከተሰበሰበው ጋር ሲያነጻጽር ግምቱ በሲሶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ትንሽ ደም ሲፈስ ዓይን አብዝቶ ይገምታል፤ ብዙ ሲፈስ ያሳንሳል። ስለዚህ ስሕተቱ የሚብሰው አደጋው በሚብስበት ጊዜ ነው። ከላይ የገላው መደበቅ፣ ከታች የዓይን ማሳነስ፤ እናቲቱ በሁለት መጋረጃዎች መካከል ነበረች።

መጋረጃውን የገለጠው ዕቃ ቀላል ነው። ሕፃኑ እንደወጣ ከእናቲቱ ዳሌ ሥር የሚገባ ጥርት ያለ ላስቲክ ነው፤ ጫፉ ጠቦ ከአልጋው ጠርዝ በታች እንደ ከረጢት ይንጠለጠላል፤ በከረጢቱ ላይ የሚሊ ሊትሩ መስመሮች ታትመዋል። ባለሙያዋ በየ15 ደቂቃው መስመሩን ታነባለች፤ የእናቲቱን የልብ ምትና የደም ግፊት ትለካለች፤ ሆዷን ዳብሳ ማህፀኑ መጠንከሩን ታረጋግጣለች። ደሙ 500 ከደረሰ፣ ወይም 300 አልፎ ሌላ የአደጋ ምልክት ከታየ ሳትጠብቅ ትነሣለች፤ ማህፀኑን ታሻለች፣ ማህፀን የሚያኮማትረውን ኦክሲቶሲን ትሰጣለች፣ የደም መፍሰስን የሚገታውን ትራኔክሳሚክ አሲድና በደም ሥር የሚገባ ፈሳሽ ታስከትላለች፣ ደሙ ከየት እንደሚመጣ ትመረምራለች። ኢ-ሞቲቭ የተባለው ጥናት ይህን አሠራር በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በታንዛኒያና በደቡብ አፍሪካ በ80 ሆስፒታሎች ፈተነው፤ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የማህፀንና የጽንስ ሕክምና ፕሮፌሰር ዛሂዳ ቁሬሺ ከተመራማሪዎቹ አንዷ ነበሩ። ከ210,000 በላይ እናቶች በተፈጥሯዊው መንገድ የወለዱበት ይህ ጥናት በ2023 ሲታተም፣ ከ1,000 ሚሊ ሊትር በላይ መፍሰስን፣ ለደም መፍሰስ ሲባል ሆድ መከፈትንና ሞትን በአንድነት የቆጠረው መለኪያ ከ4.3 ወደ 1.6 በመቶ መውረዱ ታወቀ። ለእኔ ክርክር ከዚህ የሚልቁት ሁለት ሌሎች ቁጥሮች ናቸው። በቀድሞው አሠራር ደም ከፈሰሳቸው እናቶች ግማሽ ያህሉ ብቻ ታውቀው ነበር፤ በአዲሱ 93 በመቶ ታወቁ። ሕክምናውን በሙሉ ያገኙት በቀድሞው 19 በመቶ ገደማ ሲሆኑ በአዲሱ 91 በመቶ ሆኑ።

እዚህ ላይ ተገቢ የሆነ ተቃውሞ ይነሣል። ጥናቱ የፈተነው ላስቲኩን ብቻ አይደለም፤ መድኃኒቶቹን በአንድ ጊዜ የመስጠትን ሥርዓት፣ ሥልጠናውንና ክትትሉንም አብሮ ነው። ታዲያ ድሉ የመለኪያው ነው ማለት እንዴት ይቻላል? መልሱ ከመድኃኒቶቹ ታሪክ ይገኛል። አንዳቸውም አዲስ አልነበሩም። ኦክሲቶሲን የቆየ መድኃኒት ነው። ትራኔክሳሚክ አሲድን ጃፓናዊቷ ኡታኮ ኦካሞቶና ባለቤታቸው በ1960ዎቹ መጀመሪያ አግኝተውታል፤ በ2017 የታተመውና ከ20,000 በላይ እናቶች የተሳተፉበት ጥናትም ቶሎ ሲሰጥ በደም መፍሰስ የሚመጣን ሞት እንደሚቀንስ አሳይቷል። መድኃኒቱ በመደርደሪያው ላይ ነበረ፤ የጎደለው ለማን እና መቼ የሚል ትእዛዝ ነበር። ያን ትእዛዝ የሰጠው መስመሩ ነው። መለኪያው ብቻውን አያድንም፤ ያለ መለኪያው ግን የሚያድነው ነገር ተኝቶ ይቀራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ያመዝናል። ኬንያ ውስጥ እናት የምትሞተው ደሟ ስላልተለካ ሳይሆን የምትቀበለው ደም ስላልነበረ ነው የሚል ነው። የደም እጥረቱ እውነት ነው፤ የውጭ ድጋፍ ሲቀንስ የደም አገልግሎቱ እንደተቸገረ አገሩ ሁሉ አይቷል። ነገር ግን ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው አባባል በትክክል የሚሠራው እዚህ ነው። በ300 ወይም በ500 ሚሊ ሊትር የታወቀች እናት ብዙ ጊዜ የምትፈልገው መድኃኒትና ማሻሸት ነው፤ በ2,000 የታወቀች እናት የምትፈልገው የሌሎች ሰዎችን ደም ነው። ስለዚህ ደም የሚያጥርበት አገር ከማንም በላይ መለካት ያስፈልገዋል። መለኪያው ከደም ባንኩ ጋር አይሻማም፤ ለደም ባንኩ ፋታ ይሰጠዋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከአዋላጆች ወገን የሚመጣና በአክብሮት ሊሰማ የሚገባው ነው። በብዙ ሺህ ወሊድ የተፈተነ ዓይን በአንድ ላስቲክ ሊተካ አይገባም ይላል። ልምድ ያላት አዋላጅ ከከንፈር መገርጣት፣ ከእጅ መቀዝቀዝ፣ ከማህፀን መላላት የምታነበው ነገር በእርግጥ ትልቅ ነው፤ መለኪያውም ያን ማንበብ አያስቀርም፤ በየ15 ደቂቃው እንድትነካና እንድትመለከት ያስገድዳል እንጂ። ግን የገላው ተፈጥሮ ለልምድም አይራራም። ደም መላሾቹ እየተጨበጡ ጉድለቱን በሚሸፍኑበት ሰዓት ከንፈሩ አይገረጣም። ገና የጀመረችውም፣ በደከመ ሌሊት ብዙ እናቶችን ብቻዋን የያዘችውም እኩል የምታነበው መስመር ለልምድ የተሰጠ ምስክር ነው፤ አዋላጇ ሐኪሙን ስትጠራ በስሜት ሳይሆን በቁጥር ትናገራለች፤ ቁጥር ደግሞ ይደመጣል።

የመጨረሻው ስጋት ብዙ መለካት ብዙ ጤነኞችን በሽተኛ ያስመስላል የሚለው ነው። በ2025 የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ ባወጡት መመሪያ 500 ሚሊ ሊትር ሳይጠበቅ፣ 300 ሲደርስ ያልተለመደ የልብ ምት ወይም የደም ግፊት ከታየ ሕክምና እንዲጀመር መከሩ። ጥቂት እናቶች ሳያስፈልጋቸው ተጨማሪ መድኃኒት መውሰዳቸው አይቀርም። ግን ይህ ድርብ ምልክት የተመረጠው በጎተራው ምክንያት ነው። የፈሰሰው ብቻ ቢለካ አደጋ የሌለባትን ያስፈራል፤ ምቱና ግፊቱ ብቻ ቢለካ አደጋ ያለባትን ያዘገያል። የልብ ምቱ ቁጥር ወደ ላይኛው የደም ግፊት ቁጥር ሲጠጋ ደም መላሾቹ የመጨረሻ ክምችታቸውን እየላኩ ነው። ሁለቱ በአንድነት ሲነበቡ፣ ደሟ ያልሰፋላት የፕሪኤክላምፕሲያ በሽተኛም፣ ደም ማነስ ያለባትም፣ ጤነኛዋም በየራሳቸው አቅም ይመዘናሉ። በቀለምና በዶፕለር ሲጠና የኖረው የደም መላሽ እውቀት ወደ አልጋው የወረደው በዚህ ቀላል መልክ ነው።

ደም በስዋሂሊ ዳሙ ይባላል፤ ለአማርኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ጉዳዩም እንግዳ አይደለም፤ ከፑምዋኒ የሚወጣው ትምህርት ለአዲስ አበባም፣ ለባሕር ዳርም፣ ለገጠር ጤና ጣቢያም ይደርሳል። ማዋለጃ ሲሠራ፣ አምቡላንስ ሲገዛ፣ ክፍያ ሲነሣ መልካም ነው፤ ግን በበጀቱ መስመር መጨረሻ ላይ የሚቀመጠው መለኪያ ከመጀመሪያው ሊታሰብ ይገባል። እናት በዘጠኝ ወር ውስጥ ሁለት ሊትር የሚጠጋ ደም ጨምራ የምትመጣው ለዚያች አንድ ሰዓት ነው። ገላዋ ለራሷም ለልጇም ስንቅ ቋጥሮ መጥቷል፤ ስንቁ ምን ያህል እንደወጣ ማወቅ ደግሞ የእኛ ድርሻ ነው። ናይሮቢ ከ1926 ጀምሮ እናቶቿን ወደ ግድግዳው ውስጥ ስታስገባ ቆይታለች። አሁን ከአልጋው ጠርዝ የተንጠለጠለው ከረጢትና በላዩ ያሉት መስመሮች ያ ሁሉ ልፋት የት መድረስ እንደነበረበት ያሳያሉ፤ ስንት ደም ፈሰሳት ለሚለው ጥያቄ በግምት ሳይሆን በቁጥር፣ ያውም ጊዜ ሳያልፍ መልስ ወደሚሰጥበት አልጋ።